የአፍንጫ አራስ

አፍንጫ ውለታ የማይቆጠርለት የአካል ክፍል ነው። ቀን ከሌት አየር ሲያስገባና ሲያስወጣ ኖሮ ስሙ የሚነሣው አንድም ለስድብ፣ አንድም ለእርግማን ነው፤ «አፍንጫህን ላስ» ይባልበታል፣ «በአፍንጫዬ ይውጣ» ይባልበታል። ዓይን ኩል ይኳልለታል፣ ጥርስ ይፋቃል፣ ፀጉር ቅቤ ይቀባል። አፍንጫ ግን ጉንፋን እስኪይዘው ድረስ መኖሩም ትዝ አይለንም። ይህ ሁሉ ግፍ የሚካካሰው ባለቤቱ ገንዘቡን ቆጥሮ የፕላስቲክ ሰርጀን ፊት የተቀመጠ ዕለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አፍንጫ የቤቱ ጌታ ይሆናል፤ ባል፣ እናት፣ ጎረቤትና የተቀረው አካል በሙሉ የእሱ አሽከር ነው።

ቀዶ ሕክምናውን ታካሚዋ ተኝታ ታልፈዋለች። የአፍንጫው አጥንት ይሞረዳል፣ አንዳንዴም ተሰብሮ ይጠጋጋል፤ ልም አጥንቱ ይከረከማል፣ ይሰፋል፣ ይደገፋል፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሁሉም ያልቃል። የማያልቀው ማገገሙ ነው። የማገገሙ ሕግ ግን በአንድ ቃል ይጠቃለላል፦ ተዉት። አትንኩት፣ አትጫኑት፣ አትናፈጡ፣ አታሙቁት፣ ቶሎ አትፍረዱበት። ሰው ደግሞ ከተፈጠረ ጀምሮ ያቃተው ነገር ቢኖር የተባለውን መተው ነው፤ የአዳምና የሔዋን ጉዳይም ከዚህ አይርቅም።

የአፍንጫ ማገገምን የአደባባይ ነገር ያደረገችው ከተማ ቴህራን ናት። ኢራን የአፍንጫ ቀዶ ሕክምና በብዛት በመሥራት ስማቸው ከሚጠራ አገሮች አንዷ ናት። ሕጉ ሴቱ ፀጉሩን ይሸፍን ይላል፤ የተረፈው ፊት ነውና ወጪው ሁሉ ፊት ላይ ይፈሳል፤ ወንዶቹም አይቀሩም። አፍንጫው ላይ ነጭ ፕላስተር የለጠፈ ወጣት በካፌው በገበያው ማየት ብርቅ አይደለም። ፕላስተሩ ቁስል ከመሸፈኑ ይልቅ አቅም ማሳየቱ ይበልጣል። ስለዚህም ሐኪሙ «አንሺው» ካለ በኋላ ለሳምንታት የሚያቆዩት እንዳሉ፣ አልፎ ተርፎም ቢላዋ ያልነካውን አፍንጫቸውን በፕላስተር አሽገው የሚወጡ እንዳሉ ብዙ ተዘግቧል። ሳይቆስሉ ማገገም ማለት ይህ ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሰልካካ አፍንጫችንን ስናወድስ የኖርን ሰዎች ስለሆንን፣ ከመካከላችን አንዱ አፍንጫውን ለሰርጀን አሳልፎ ሲሰጥ የሕዝብ ሀብት የነካ ይመስለዋል። ስለዚህ «ለውበት ብዬ ነው» የሚል ሐበሻ እስካሁን አልገጠመኝም። ሁሉም «ለመተንፈስ ነው» ነው የሚለው። እርግጥ የአፍንጫው የመሐል ግድግዳ ተጣሞ ትንፋሽ የሚያሳጣቸው ሰዎች አሉ፤ ግድግዳውን ማቅናትና ቅርጹን ማስተካከል ባንድ ቀዶ ሕክምና መሠራታቸውም የተለመደ ነው። የሚያስገርመው ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሰላም ሲተነፍስ የኖረ ሰው፣ ልክ ለቀዶ ሕክምናው የኢስታንቡል ቲኬት ሲቆርጥ አየር የሚያጥረው ነገር ነው። ኢስታንቡል ደርሶ ሲመለስ ትንፋሹም ተስተካክሏል፣ የአፍንጫው ጉብታም ጠፍቷል። ጉብታው ራሱ አየር ሲሻማው ኖሯል ማለት ነው።

እንበልና በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ የምትኖር አንዲት እኅታችን «ለመተንፈስ» ብላ አፍንጫዋን ተሠራች። ለማንም አልተናገረችም። ለእናቷ ብቻ ነገረች፤ እናቷም ለማንም አልተናገሩም፤ ለእኅታቸው ብቻ ነገሩ። በሦስተኛው ቀን የገንፎ ድስት የያዘች ጎረቤት በሩን አንኳኳች።

ገንፎ መምጣቱ ያለ ነገር አይደለም። የሐኪሙን ትእዛዝ ልብ ብሎ ላነበበው ነገሩ ሁሉ አራስነት ነው። አፍንጫው ላይ የታሰረው ጀሶ እስኪነሣ አንድ ሳምንት ገደማ ቤት መክተት፤ ማጎንበስ የለም፣ ከባድ ነገር ማንሣት የለም፣ ፀሐይ ላይ መውጣት የለም፤ የሚታኘክ ጠጣር ምግብ ትቶ ለስለስ ያለውን መብላት፤ ማታም በጀርባ ተኝቶ ራስን በሁለት በሦስት ትራስ ከፍ ማድረግ፣ ደምና ፈሳሽ ወደ ታች እንዲወርድና እብጠቱ እንዲቀንስ። ከአፍንጫው በታች ደም የምትጠጣ ትንሽ ጨርቅ ትታሰራለች፤ እሷም እየቆሸሸች ትለወጣለች። የጎደለ ነገር ቢኖር ሕፃኑ ብቻ ነው። ማልቀሱም ቢሆን ለአራሷ ተትቶላታል።

ለነገሩ አባቶቻችን «አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል» ያሉት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። የአፍንጫው አጥንት የሚነካው ከዓይን ጥግ አጠገብ ስለሆነ ደሙ ወደ ስስ የዓይን ቆብ ሰርጎ ይገባል። ቀዶ ሕክምናው ለአፍንጫ ሆኖ ሳለ የሚያብጠውና የሚበልዘው ዓይን ነው። በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ይብሳል፤ ከዚያ ሐምራዊው ወደ አረንጓዴ፣ አረንጓዴው ወደ ቢጫ እያለ በሁለት ሳምንት ገደማ ይጠፋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ቀዝቃዛ ነገር ጉንጭና ዓይን ዙሪያ ላይ ማድረግ ይረዳል፤ በረዶውን አፍንጫው ላይ መጫን ግን ክልክል ነው።

በዚህ ሰሞን እጅግ የሚያሳዝነው ባልየው ነው። ሁለት ዓይኗ የበለዘ ሚስቱን ይዞ ሱፐርማርኬት ሲገባ ሰው ሁሉ የሚያየው እሱን ነው። ገንዘብ ተቀባይዋ ዕቃውን እየመዘገበች በዓይኗ ትገላምጠዋለች። እንዳያስረዳ ምስጢር ነው። ዝም እንዳይል ደግሞ ዝምታው ያስፈርድበታል። ይህን ለመሸፈን ሲባል የሚደረገው ደግሞ ከሁሉ የባሰ ጅልነት ነው፤ ትልቅ ጥቁር መነጽር ይደረጋል። መነጽሩ የት ላይ ነው የሚያርፈው? ልክ ያ በብዙ ገንዘብ የተሰበረው አጥንት ላይ። ሐኪሞች ጀሶው ከተነሣ በኋላ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መነጽር አፍንጫ ላይ እንዳያርፍ የሚከለክሉት አጥንቱ ገና ስላልጸና ነው። ካለ መነጽር የማያይ ሰው በፕላስተር ግንባሩ ላይ ለጥፎ ያንጠለጥለዋል። እፍረት ለመሸፈን ብለን የምናደርገው መነጽር ግን ግንባር ላይ አይንጠለጠልም፤ ሰው ምን ይላል?

ወደ ጠያቂዎቹ እንመለስ። ሐበሻ በሽተኛ ሊጠይቅ ሲሄድ ባዶ እጁን አይሄድም፤ ባዶ አፉንም አይሄድም። ብርቱካኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ምክሩን ይጀምራል።

«ዳማከሴ አሽተሽ በአፍንጫሽ ሳቢው። ይከፍትልሻል።»

«እትዬ፣ ሐኪሙ ምንም ነገር አታስገቢ ብሎኛል።»

«ዳማከሴ ምንም ነገር ነው እንዴ?»

እትዬ አይፈረድባቸውም። ምች የመታውን ሁሉ ሲያድኑበት የኖሩትን ቅጠል ከ«ምንም ነገር» ጎራ መመደብ ስድብ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጠያቂ ባሕር ዛፍ ቀቅለሽ ታጠኚ ይላል፤ እንፋሎት የደም ሥርን ያሰፋል፣ መድማቱንም እብጠቱንም ይጨምራል። ሦስተኛው ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በማር ያዛል፤ ወጥ ውስጥ ገብቶ ሲበላ ችግር የለውም፣ ለመድኃኒትነት ተብሎ በብዛት ሲወሰድ ግን ደም ያቀጥናል ተብሎ ስለሚጠረጠር ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምናው በፊትም በኋላም ይከለክሉታል። አራተኛዋ ጠያቂ ዘመናዊ ናት፤ ከቦርሳዋ አይቡፕሮፌን ታወጣለች። እሱና አስፕሪን ደም የመርጋት አቅሙን ስለሚቀንሱ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይዋጡም። የሐኪሙ ትእዛዝ የተጻፈበት ወረቀት ማቀዝቀዣው በር ላይ በማግኔት ተለጥፏል፤ ሁሉም ውኃ ሊቀዳ ሲሄድ ያየዋል፤ አንብቦ የሚመለስ ግን የለም።

ከዚያ ቡና ይፈላል። ጠያቂ ተሰብስቦ ቡና አለመፍላት ነውር ነው። ቡናው ይቆላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ የቆላችው ልጅ ሽታውን እያዞረች ታቀርባለች። አራሷም እጇን እያራገበች «እሰይ» ትላለች እንጂ አንዳች አይሸታትም፤ ውስጧ በእብጠትና በደረቀ ደም ተዘግቷልና ማሽተት የሚመለሰው ከሳምንታት በኋላ ነው። ጭሱ ግን መንገዱን አያጣም። በዚህ ላይ ኩሽና ውስጥ በርበሬ የሚያቁላላ ካለ የሚፈራው ይመጣል፤ ማስነጠስ።

ማስነጠስ ለአፍንጫ አራስ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ሐኪሙ «ከመጣብሽ አፍሽን ከፍተሽ አስነጥሺ» ይላል፤ ግፊቱ በአፍ እንዲወጣ። በአፍንጫ መናፈጥም ቢያንስ ለሁለት ሦስት ሳምንት የተከለከለ ነው፤ የተፈቀደው በጨው ውኃ ማርጠብ ብቻ ነው። አፏን ከፍታ ስታስነጥስ ከአራቱም ማዕዘን «ይማርሽ!» ይጎርፋል። ምርቃቱ ጥሩ ነው፤ በርበሬውን ማውረድ ግን የበለጠ ይጠቅማት ነበር።

ጠያቂው ሲሰናበት ደግሞ መሳም አለ። የእኛ ሰላምታ በግራ፣ በቀኝ፣ እንደገና በግራ እያለ ይሄዳል፤ ፍቅር በጨመረ ቁጥር ዙሩ ይጨምራል፤ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጉንጭ በአፍንጫዋ አጠገብ ያልፋል። እጇን ዘርግታ ከርቀት ብትጨብጥ ኮራች ትባላለች። ብትሳም ሐኪሙ ጋ ትመለሳለች። ይህን ያመለጠች ደግሞ የሁለት ዓመት የልጅ ራስ ይጠብቃታል፤ ሕፃን እናቱ ላይ ሲዘል አስቀድሞ የሚያርፈው ግንባሩ ነው። ልብስም ራሱን የቻለ ወጥመድ አለው። ለሳምንታት ከፊት የሚቆለፍ ሸሚዝ ብቻ ይለበስ የሚለው ትእዛዝ በራስ የሚጠለቀውን ሁሉ ይከለክላል። ሠርግ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አፍንጫዋን የተሠራች ሚዜ ይህን የምትረዳው የሐበሻ ቀሚሷን በራሷ ልታጠልቅ ስትሞክር ነው።

ይህ ሁሉ ጣጣ የዘመኑ ቅንጦት የወለደው ይመስላል። አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1600 ገደማ የተጻፈው፣ ዛሬ የኤድዊን ስሚዝ ፓፒረስ የሚባለው የግብፅ የሕክምና ጥቅልል፣ ለተሰበረ አፍንጫ የሚያዘው ከዛሬው ብዙ አይርቅም። ውስጡን በበፍታ ጨርቅ አጽዳ፤ ስብ የተነከረ ውታፍ አፍንጫው ውስጥ አስገባ፤ በውጭ በኩል ጠንከር ያለ የጨርቅ ጥቅል ደግፈህ እሰር፤ እስኪድን በየቀኑ በስብና በማር አክመው። የሕንዱ ጥንታዊ የሕክምና መጽሐፍ ሱሽሩታ ሳምሂታ ደግሞ የተቆረጠ አፍንጫ በጉንጭ ቆዳ ሲተካ፣ ታካሚው መተንፈሻ እንዲያገኝ ሁለት ቱቦ በቀዳዳዎቹ እንዲገባ፣ ቁስሉ በጥጥ ተሸፍኖ የሰሊጥ ዘይት እንዲንጠባጠብበት፣ ሰውየውም የተነጠረ ቅቤ እንዲጠጣ ያዛል። ቅቤውን ሳነብ የገንፎዋን ጎረቤት ይቅርታ ልጠይቃት ፈለግሁ።

ከሁሉም ግን የሚያስቀናኝ የጣሊያኗ የቦሎኛ ከተማ ሐኪም ጋስፓሬ ታሊያኮጺ ነው። በ1597 ባሳተመው መጽሐፍ እንደገለጸው፣ በሰይፍ ግጥሚያ ወይም በበሽታ አፍንጫውን ላጣ ሰው ከላይኛው ክንድ ቆዳ ያወጣና፣ ቆዳው ፊት ላይ ሥር እስኪሰድ ድረስ ክንዱን ከፊቱ ጋር አጣብቆ ለሳምንታት ያስረዋል። ጭካኔ ይመስላል። የዛሬ ሐኪሞች ግን ይህን ማሰሪያ ቢያገኙት ሳይመኙት አይቀሩም። ክንዱ የታሰረ ሰው አፍንጫውን አይነካም፣ አይጎረጉርም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሴልፊ አያነሣም።

ምክንያቱም ጀሶው በሚነሣበት ቀን ዋናው ፈተና ይጀምራል። አራሷ ሳምንቱን ሙሉ በሐሳቧ የሣለችውን አፍንጫ ልታይ መስተዋት ፊት ትቆማለች። የምታየው ሰፊ፣ ያበጠ፣ ጫፉ ወደ ላይ የተገተረ እንግዳ ነገር ነው። ፈገግ ልትል ስትሞክር የላይኛው ከንፈሯ እንቢ ይላል፤ ጫፉን ስትነካው ደንዝዟል። ሐኪሙ «ገና ነው» ይላል። እሷ ግን ፍርዱን ከስልኳ ነው የምትጠይቀው። ጠዋት ታነሣለች፣ ማታ ታነሣለች፣ ታወዳድራለች። ሌሊት ስለተኛች ጠዋት ያብጣል፤ ጨው የበዛበት ቋንጣ ፍርፍር በበላች ማግስት ደግሞ ይብሳል። «ትናንት ደህና ነበር፤ ዛሬ ምን ነካው?» ትላለች። የነካው ቋንጣው ነው።

ስልኩ ደግሞ ታማኝ አይደለም። በ2018 ጃማ ፌሻል ፕላስቲክ ሰርጀሪ በተባለው የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የወጣ ስሌት እንዳሳየው፣ ከፊት 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ የተነሣ ሴልፊ ከ1.5 ሜትር ርቀት ከተነሣ ፎቶ ጋር ሲተያይ አፍንጫን 30 በመቶ ያህል አስፍቶ ያሳያል። ለካሜራው የቀረበው ይገዝፋል፣ ከፊት ደግሞ ከአፍንጫ የሚቀድም የለም። እንግዲህ መጀመሪያ በሴልፊ ተከሶ ቢላዋ የተፈረደበት አፍንጫ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ያው ሐሰተኛ ምስክር ይቀርብበታል ማለት ነው። ራቅ ብሎ የቆመ የሰው ዓይን እውነቱን ሊነግራት ይችል ነበር፤ ግን ሰው «ያምራል» ሲላት አታምነውም፣ ስልክ «ያስጠላል» ሲላት ታምነዋለች።

እውነቱ ይህ ነው፤ ዓይን የሚያየው እብጠት አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይቀንሳል፤ የአፍንጫው ጫፍ ግን አንድ ዓመት፣ ቆዳው ወፍራም ለሆነ ሰውም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ለዚህ ነው ሐኪሞች ድጋሚ ቀዶ ሕክምና የሚጠይቃቸውን ሰው ዓመት ሳይሞላው የማይቀበሉት። አንድ ዓመት በመስቀል ይጀመር ቢባል እስከሚቀጥለው መስቀል መሆኑ ነው። በዚህ መካከል ማኅበር ይወጣል፣ ልደት ይከበራል፣ ክርስትና ይነሣል፤ በየቦታው አንድ ሰው አፍንጫዋን ትኩር ብሎ አይቶ «አሁን ይሄ ነው ወይስ ገና ነው?» ይላታል። ሐኪሙም እሷም የሚመልሱት አንድ ነው፤ ገና ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል የማይቀለድበት ነገር አለ። ተጭነው ይዘውት የማይቆም መድማት፣ ትኩሳት፣ በአንድ ወገን በድንገት የሚጨምር እብጠትና ሕመም፣ እንደ ውኃ ኩልል ብሎ የሚወርድ ፈሳሽ፤ እነዚህ ሲያጋጥሙ ሐኪም ዘንድ መደወል እንጂ ነገ ይሻላል ማለት አያዋጣም። በአፍንጫው የመሐል ግድግዳ ውስጥ የተጠራቀመ ደም ቶሎ ካልወጣ ልም አጥንቱን ይበላዋል። ታዲያ የእኛ ሰው ምን ያደርጋል? ጫፉ በአንድ ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝ አዘንብሏል ብሎ ሐኪሙን እሑድ ሌሊት ይቀሰቅሳል፤ ትኩሳት የያዘው ቀን ግን «ብርድ ነው» ብሎ ጋቢ ይደርባል። ሐኪሙን ላለማስቸገር!

ዓመቱ ሲሞላ፣ ሥራው የሰመረ እንደሆነ፣ አፍንጫው ይረጋል። ከፊቷ ጋር ይስማማል። ጎልቶ አይጮኽም። ጎበዝ ሰርጀን የሚፈልገው ውጤት ይህ ነው፤ ያየ ሁሉ «ደህና መስለሻል፣ ዕረፍት አገኘሽ?» እንዲል እንጂ አፍንጫውን ለይቶ እንዳያነሣ። እኅታችንም ብትሆን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥቁር መነጽር አጥንቷ ላይ እየጫነች፣ እንግዳ ሲመጣ መኝታ ቤት እየገባች፣ «ለመተንፈስ ነው» እያለች የለመነችው ይህንኑ ነበር። ያኔ እንቅልፍ የነሣት «አወቁብኝ» ነበር። አሁን ደግሞ ገንፎ ይዘው የመጡት፣ ዳማከሴ ያዘዙት፣ እየሳሙ ያስጨነቋት ሁሉ ረስተውት ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ስለ ቤት ኪራይ ያወራሉ። እሷም ከጎን እንዲያዩዋት ወንበሯን ዞር ታደርጋለች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ትይዛለች፣ ዝም ሲሏት ቅር ይላታል። ባሏን መኪና ውስጥ ይዛ የምታማርረው ስለ ቁስሉም፣ ስለ ገንዘቡም፣ በትራስ ተደግፋ ስላደረችው ሌሊትም አይደለም፤ «አላወቁልኝም» ነው።